ጆሮ የሆነው መንጋጋ

ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ባለችው ጠባብ ጓዳ ውስጥ ሦስት አጥንቶች እርስ በርስ ተያይዘው ተቀምጠዋል። ሦስቱንም ሰብስቦ አውራ ጣት ጥፍር ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። አንድሬአስ ቬሳሊየስ ስለ ሰው አካል የጻፈውን ግዙፍ መጽሐፍ በ1543 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሲያሳትም የሚያውቀው ሁለቱን ብቻ ነበር። አንዱን በመዶሻ፣ ሌላውን ቀጥቃጭ የጋለ ብረት በሚያሳርፍበት መስፍ መሰላቸው። ሦስተኛው አጥንት በ1546 በኔፕልስ ተገኘ። እዚያ አናቶሚ ያስተምር የነበረው ጆቫኒ ፊሊፖ ኢንግራሲያ ከመስፉ ጫፍ ጋር የተያያዘች፣ መሃሏ ክፍት የሆነ ደቃቅ አጥንት አየና እርካብ አላት። ስሙ በትክክል ይገልጻታል። ቁመቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከምስር ፍሬ ታንሳለች፤ በሰው አካል ውስጥ ከእሷ የሚያንስ አጥንት የለም። እንዲያም ሆኖ ሁለት ቅልጥሞችና አንድ መርገጫ አላት። የጥንቱ የአገራችን ፈረሰኛ አውራ ጣቱን ብቻ አስገብቶ ይረግጣት የነበረችውን ትንሽ እርካብ ያየ ሰው ሥዕሏን ሲመለከት ወዲያው ያውቃታል።

የሦስቱ ሥራ ድምፅን ማቀበል ነው። ታምቡሩ ሲርገበገብ መዶሻው ይነቃነቃል፣ መዶሻው መስፉን ይገፋል፣ መስፉ እርካቧን፤ እርካቧ ደግሞ በፈሳሽ ወደተሞላው ውስጠኛ ጆሮ የምታስገባውን ትንሽ መስኮት ትመታለች። የታምቡሩ ስፋት የመስኮቷን ወደ 17 እጥፍ ስለሚሆን፣ አጥንቶቹም እንደ ማንሻ ስለሚያግዙ፣ ግፊቱ ከ20 እጥፍ በላይ በርትቶ ይደርሳል። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ በአየር የመጣው ድምፅ አብዛኛው ከፈሳሹ ላይ ነጥሮ በተመለሰ ነበር።

እንሽላሊት፣ ዶሮና እንቁራሪት ለዚሁ ሥራ ያላቸው አጥንት አንድ ብቻ ነው። ሦስት ያለው አጥቢ እንስሳ ነው፤ አይጥም፣ ላምም፣ ዓሣ ነባሪም፣ ሰውም። ታዲያ ሁለቱ ትርፍ አጥንቶች ከየት መጡ? ከቬሳሊየስ መጽሐፍ በኋላ ለዚህ ጥያቄ መልስ እስኪገኝ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። የተገኘውም ጆሮን ሲመረምሩ ብቻ አይደለም፤ አፍንም አብረው ሲመረምሩ ነው።

በ1820 በጀርመኗ ሃሌ ከተማ ያስተምር የነበረው ዮሐን ፍሪድሪሽ ሜክል፣ በፅንስ የታችኛው መንጋጋ ውስጥ ከአገጭ ተነስቶ እስከ ጆሮ የሚዘልቅ ዘንግ መኖሩን ጻፈ። ዘንጉ እንደ ጆሮ ቅጠል ከሚተጣጠፍ ለስላሳ አጥንት የተሠራ ነው፤ ዛሬም የሚጠራው በሜክል ስም ነው። መንጋጋ ላይ ሥራ ያለው ነገር ጆሮ ውስጥ ምን ሊያደርግ ይገባል? ከአምስት ዓመት በኋላ ማርቲን ራትከ የተባለ ሐኪም በአሳማ ፅንስ አንገት ላይ ዓሣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ የሚመስሉ ስንጥቆችና በመካከላቸው የተደረደሩ ቅስቶች አየ። በዓሣ ላይ እነዚያ ቅስቶች መንጋጋና የስንጥብ ድጋፍ እንደሚሆኑ ይታወቃል። ስንጥብ በሌለው በአሳማ ላይ ምን እንደሚሆኑ ግን ማንም አልተከታተለም ነበር።

የተከታተለው ካርል ራይኸርት ነው። በ1837 ገና የ25 ዓመት ወጣት ሲሆን በርሊን ውስጥ በታላቁ ዮሐነስ ሙለር ሥር ይሠራ ነበር። ሥራው በሐሳብ ቀላል፣ በእጅ ግን እጅግ ከባድ ነው፤ በየዕድሜው ያለ የአሳማ ፅንስ ሰብስቦ ከትንሹ ወደ ትልቁ እያሰለፈ አንዲትን ቁራጭ ከዓይኑ ሳያጠፋ መከተል። በትንሹ ፅንስ ላይ የሜክል ዘንግ ወጥ ነው። ቀጥሎ ባለው ላይ የዘንጉ የኋላ ጫፍ ወፈር ብሎ ይታያል። ከዚያ በሚበልጠው ላይ ያ ጫፍ ይጠጋጋል፣ አንገት ያወጣል፣ ከኋላው ካለች ሌላ ቁራጭ ጋር ይጋጠማል። የጎለመሰው ፅንስ ሲከፈት ጫፉ መዶሻ ሆኗል፤ ከኋላው ያለችው ቁራጭ መስፍ። እርካቧ የመጣችው ከሚቀጥለው፣ ከሁለተኛው ቅስት ነው። በመካከል የነበረው ዘንግ ደግሞ ከስሞ ጠፍቷል፤ መዶሻው ከመንጋጋ ጋር የነበረው ዝምድና አብሮት ጠፍቷል።

ራይኸርት እዚህ ላይ ቢያቆም ግኝቱ የአሳማ ነገር ሆኖ በቀረ ነበር። እሱ ግን ወደ ወፎችና ወደ ገበሎ አስተኔዎች ዞረ። በእነሱ ላይ ያው ዘንግ አለ፤ የኋላ ጫፉም ያው ነው። ልዩነቱ ጫፉ ወደ ጆሮ አለመግባቱ ነው። አጥንት ይሆንና የታችኛው መንጋጋ ማጠፊያ ሆኖ ይቀራል። መስፍ የሆነችው ቁራጭ ደግሞ በዚያኛው ወገን የላይኛውን መንጋጋ ማጠፊያ ትሠራለች። ዶሮ ጥሬ ስትለቅም መንቁሯ የሚከፈትና የሚዘጋው እኛ ድምፅ በምንሰማባቸው በእነዚያው ሁለት አጥንቶች መጋጠሚያ ላይ ነው።

ሒሳቡም ገጠመ። የእንሽላሊት የታችኛው መንጋጋ በእያንዳንዱ ጎን ከስድስት ሰባት አጥንቶች የተገጣጠመ ነው፤ ጆሮዋ ውስጥ ያለው ግን አንድ አጥንት ነው። የበግ መንጋጋ በእያንዳንዱ ጎን አንድ ወጥ አጥንት ነው፤ ጆሮው ግን ሦስት አለው። ከመንጋጋው የጎደሉት አጥንቶች ጆሮ ውስጥ ተገኙ። ይህን የጻፈው ወጣት የዳርዊንን የዝግመተ ለውጥ መጽሐፍ አላነበበም፤ መጽሐፉ ገና 22 ዓመት ይቀረው ነበር። ስለ ቅሪተ አካልም የሚያግዘው ነገር በእጁ አልነበረም። አስቀድሞ የተነገረውን ለማረጋገጥ ሳይሆን ያየውን ብቻ ተከትሎ እዚህ መድረሱ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአመዛኙ የእሱን ቃል እውነትነት የመፈተን ታሪክ ነው።

በ1859 ዳርዊን መጽሐፉን ሲያሳትም የራይኸርት ነገር አዲስ ትርጉም አገኘ። የአሳማና የዶሮ አጥንቶች አንድ ዓይነት የሆኑት ከአንድ ቅድመ አያት የወረሷቸው በመሆኑ ነው ማለት ይቻል ነበር። ግን ወዲያው ከባድ ጥያቄ መጣ። በ1871 ሴንት ጆርጅ ማይቫርት የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ዳርዊንን በመጽሐፍ ተቸው። ማይቫርት ዝግመተ ለውጥን አልካደም፤ የተከራከረው በአሠራሩ ላይ ነው። አንድ አካል ተሠርቶ ሲያልቅ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ገና ሲጀመር፣ ሩቡ ወይም ግማሹ ሲደርስ ግን ለእንስሳው ምን ይጠቅመዋል? ጥቅም ከሌለውስ የተፈጥሮ ምርጫ እንዴት አድርጎ ይይዘዋል?

ጥያቄው ወደ ጆሮ አጥንቶች ሲዞር የበለጠ ይከብዳል። መንጋጋ ለአንድ ቀን እንኳ ሥራ ማቆም አይችልም። ማኘክ ያልቻለ እንስሳ ይሞታል፤ የሞተ አይወልድም። እንስሳው የመንጋጋውን ማጠፊያ ነቅሎ ወደ ጆሮው ሲወስድ በምን ይበላል? ቤተሰብ እየኖረበት የቤቱን ምሰሶ እንደ መንቀል ነው። ማይቫርትን የሚያጣጥሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ ግን ባለውለታ አድርጌ አየዋለሁ። ቀጥሎ ለመጡት ተመራማሪዎች ምን መፈለግ እንዳለባቸው ያመላከተው እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው።

ዳርዊን በ1872 በወጣው ስድስተኛ እትም ላይ አዲስ ምዕራፍ ጨምሮ መለሰ። ከመልሶቹ መካከል ከጊዜው ጋር ክብደቱ የጨመረው ይህ ነው፤ አንድ አካል ሁለት ሥራ ደርቦ ሊሠራ ይችላል፣ ሁለት አካላትም አንድን ሥራ ሊጋሩ ይችላሉ። ሥራውን የሚጋራው ሌላ ካለ የመጀመሪያው ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ተግባር መዞር ይችላል። ኔፕልስ ውስጥ የባሕር እንስሳት ጣቢያ ያቋቋመው አንቶን ዶርን በ1875 ይህንን ሐሳብ አስፍቶ አንድ መጽሐፍ ጻፈበት፤ አዲስ አካል የሚገኘው አሮጌው ደርቦ ይዞት የነበረው ጥቃቅን ሥራ ዋና ሥራው ሲሆን ነው አለ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ለመንጋጋና ለጆሮ ግን ማስረጃው ከድንጋይ ውስጥ መውጣት ነበረበት።

ድንጋዩ ያለው በደቡብ አፍሪካ ካሩ በተባለው ደረቅ ሜዳ ነው። በ1838 አንድሩ ጌዲስ ቤን የተባለ ስኮትላንዳዊ የመንገድ ሠሪ እዚያ እንግዳ የራስ ቅሎች አገኘ። ወደ ለንደን ተልከው ሪቻርድ ኦወን ከ1845 ጀምሮ መረመራቸው። አንዳንዶቹ በአካላቸው ገበሎ አስተኔ ይመስላሉ፤ ጥርሳቸው ግን የአጥቢ እንስሳ ነገር አለው። በ1889 ሃሪ ሲሊ ራሱ ወደ ካሩ ሄዶ ሲቆፍር ትልቅ ውሻ የሚያህል ሥጋ በል እንስሳ አገኘ፤ ስሙንም ሳይኖግናተስ፣ ማለትም የውሻ መንጋጋ አለው። ዕድሜው ወደ 245 ሚሊዮን ዓመት ነው። የታችኛው መንጋጋው ሲታይ ጥርስ የተተከለበት የፊተኛው አጥንት አብጦ አብዛኛውን ቦታ ይዟል፤ ከኋላ ያሉት አጥንቶች እንደ ቀጫጭን ፍልጥ ተጨማደው ከሥሩ ተለጥፈዋል።

በ1897 ሮበርት ብሩም የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ደቡብ አፍሪካ ገባ። ከዚያ በፊት በአውስትራሊያ ኪስ ያላቸውን አጥቢ እንስሳት ያጠና ነበር፤ የሕይወት ዘመን ጥያቄው አጥቢ እንስሳት ከየት መጡ የሚል ነው። በገጠር ሕመምተኞችን እያከመ በትርፍ ጊዜው ድንጋይ ይፈልጥ ነበር። በኋላ ከሰው ዘር ቅድመ አያቶች ቅሪተ አካል ጋር ስሙ የተነሳው ያው ብሩም ነው። እሱና ሌሎች ያገኟቸው የራስ ቅሎች በዕድሜያቸው ሲሰለፉ ልክ እንደ ራይኸርት ፅንሶች ሆኑ። ከጥንታዊው ወደ ቅርቡ ሲኬድ የፊተኛው የመንጋጋ አጥንት ወደ ኋላ እያደገ ይሄዳል፣ የኋለኞቹ እየቀጠኑ ይሄዳሉ። በርሊን ውስጥ በሳምንታት የታየው፣ ካሩ ውስጥ በሚሊዮን ዓመታት ተዘርግቶ ታየ።

በዚህ መሃል አንድ ሌላ ነገር ተነሳ፤ የጭንቅላት አጥንት ራሱ ከምን ይሠራል? በ1893 ጁሊያ ፕላት የተባለች አሜሪካዊት፣ የአንድ የውሃ ሳላማንደርን ፅንስ አጥንታ መንጋጋና የስንጥብ ቅስቶች የሚሠሩት ከፅንሱ የላይኛው ሽፋን ፈልሰው ከሚወርዱ ሴሎች ነው አለች። የዘመኑ ትምህርት አጥንት ሁሉ ከመካከለኛው ሽፋን ይመጣል የሚል ስለነበር ብዙዎች ተነሱባት። ዶክትሬቷን በ1898 በጀርመን ፍራይቡርግ አገኘች፤ የዩኒቨርሲቲ ሥራ ግን አላገኘችም። ሳይንሱን ትታ ካሊፎርኒያ ፓሲፊክ ግሮቭ ገባች፤ በ1931 የከተማዋ ከንቲባ ሆነች። ልክ እንደነበረች በማያሻማ ሁኔታ የተረጋገጠው እሷ ካለፈች በኋላ ነው። መዶሻና መስፍ የሚሠሩት ከእነዚያ ፈላሲ ሴሎች ነው። የደረሰባት ኪሳራ የእሷ ብቻ አይደለም፤ ሳይንሱም አብሮ ከስሯል።

በ1913 ኧርነስት ጋውፕ የተባለ ጀርመናዊ የሰባ ስድስት ዓመቱን ክርክር ሁሉ ሰብስቦ በአንድ ሰፊ ጽሑፍ አጠቃለለ። የራይኸርት ቃል ጸንቷል አለ፤ መዶሻው የታችኛው፣ መስፉ የላይኛው መንጋጋ ማጠፊያ ነበሩ። ታምቡሩ የተወጠረበት ቀለበትም ቢሆን ከታችኛው መንጋጋ የኋላ አጥንቶች አንዱ እንደነበረ አሳየ።

የቀረው የምሰሶው ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ጣቱን ከጆሮው ቀዳዳ ፊት ለፊት፣ ጉንጩ ላይ ያድርግና አፉን ይክፈት፣ ይዝጋ። ከጣቱ ሥር የሚንሸራተተው የኛ የመንጋጋ ማጠፊያ ነው። ይህ ማጠፊያ የዶሮው አይደለም፤ ጥርስ የያዘው አጥንት ወደ ኋላ አድጎ አድጎ ከራስ ቅል ጋር ተገናኝቶ አዲስ የሠራው ነው። አዲሱ የተሠራው አሮጌው ከመነቀሉ በፊት ከሆነ፣ በታሪክ ውስጥ አንድ ወቅት ላይ ሁለት ማጠፊያ ያለው እንስሳ ኖሮ መሆን አለበት። በአንድ መንጋጋ፣ በአንድ ጎን፣ ሁለት ማጠፊያ ጎን ለጎን። እንዲህ ያለ እንስሳ በሕይወት የለም።

ዋልተር ኩኔ ከናዚ ጀርመን በ1938 ወደ እንግሊዝ የተሰደደ ተመራማሪ ነው፤ በጦርነቱ ጊዜ የጠላት አገር ዜጋ ነህ ተብሎ አይል ኦቭ ማን በተባለችው ደሴት ታስሯል። በ1949 በዌልስ ካለ የድንጋይ ካባ በተገኘች ደቃቅ ጥርስ ላይ ተመሥርቶ አንድን ጥንታዊ አጥቢ እንስሳ ሞርጋኑኮዶን ብሎ ሰየመው። አይጥ የምታህል ነበረች፤ የኖረችው ከ205 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። በ1958 ደግሞ አልፍሬድ ክሮምፕተን ከደቡብ አፍሪካ የተገኘ አንድ ትንሽ የራስ ቅል መርምሮ ዲያርትሮግናተስ አለው፤ ባለ ሁለት ማጠፊያ መንጋጋ ማለት ነው። የዝርያ ስሙን ለብሩም መታሰቢያ አደረገ። አሮጌው ማጠፊያ በቦታው ነበር፤ ከጎኑ ጥርስ የያዘው አጥንት ከራስ ቅል ጋር ተገናኝቷል።

በዚያው ሰሞን ለንደን ውስጥ ኬኔት ከርማክና ፍራንሲስ ሙሴት ከዌልስ ካባዎች የሚመጣውን ድንጋይ እያሟሙ፣ ደለሉን እያጠቡና እያነጠሩ የሞርጋኑኮዶንን ስብርባሪ አጥንቶች በብዛት ያወጡ ነበር። ሥራው ጤፍ ውስጥ አሸዋ እንደ መልቀም ነው፤ ዓመታት ይወስዳል። የተሟላ የራስ ቅል የመጣላቸው ከሩቅ፣ ከቻይና ዩናን ነው። ሐሮልድ ሪግኒ የተባለ አሜሪካዊ ቄስ ነበር በጽሑፍ ያስተዋወቀው፤ ቻይና ውስጥ አራት ዓመት ታስሮ ከተፈታ በኋላ በ1963። ሦስቱ አብረው በ1973 ስለ ታችኛው መንጋጋ ያሳተሙት ጥናት ዛሬም ይጠቀሳል። ከመንጋጋው ወደ ውስጥ በኩል አንድ ቦይ ተቆፍሯል፤ በቦዩ ውስጥ የአሮጌው ማጠፊያ አጥንቶች እንደ ስንጥር ቀጥነው ተጋድመዋል። ከጎናቸው ሥጋ የሚያደቀውን ኃይል የሚሸከመው አዲሱ ማጠፊያ ክብ ጉልበት ይዞ ቆሟል። ምሰሶው የተነቀለው ሌላ ምሰሶ ከጎኑ ከቆመ በኋላ ነበር።

ይህ ግን ጥያቄውን ግማሽ ብቻ ይመልሳል። አሮጌዎቹ አጥንቶች ከማኘክ ሥራ ነጻ ወጡ እንበል፤ ለምን ጆሮ ሆኑ? ለምን ዝም ብለው አልጠፉም? በ1975 ኤድጋር አሊን የሰጠው መልስ የእኔን አተያይ ጨርሶ የቀየረ ነው። ነገሩን ገልብጠን ነበር የምናየው አለ። አጥንቶቹ መጀመሪያ መንጋጋ ሆነው ቆይተው ኋላ ወደ መስማት የተዛወሩ አይደሉም፤ መንጋጋ ሳሉም ይሰሙ ነበር። በጥንቶቹ የካሩ እንስሳት የኋለኛው የመንጋጋ አጥንት ላይ እንደ ቀጭን ቅጠል የተዘረጋ ክፍል አለ። አሊን እዚያ ላይ ታምቡር የሚመስል ስስ ቆዳ ተወጥሮ ነበር ብሎ ገመተ። ድምፅ ቆዳውን ሲነካው በመንጋጋው የኋላ አጥንቶች፣ ከዚያ በላይኛው ማጠፊያ፣ ከዚያ በእርካቧ በኩል ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳል። የመዶሻ፣ የመስፍና የእርካብ ሰንሰለት አጥንቶቹ ገና ማኘኪያ ሳሉ በቅደም ተከተሉ ተያይዞ ነበር ማለት ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ የካሩ ሰልፍ ትርጉም ያገኛል። ከባድ አጥንት በዝግታ ብቻ ነው የሚርገበገበው፤ ወፍራም ድምፅ ያቀብላል፣ ቀጭኑ ያመልጠዋል። ስለዚህ የማኘክ ጡንቻዎች ወደ ፊተኛው አጥንት በተሻገሩ ቁጥር የኋለኞቹ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል፤ ጫናው በቀነሰ ቁጥር ሳይሰበሩ መቅጠን ይችላሉ፤ በቀጠኑ ቁጥር ደግሞ ቀጭን ድምፅ ይሰማሉ። በዚያ ዘመን የአጥቢ እንስሳት ቅድመ አያቶች አካል እያነሰ፣ ኑሯቸውም ጨለማን ተገን ወዳደረገ ነፍሳት አደን እያዘነበለ ነበር። በቅጠል ሥር የምትንኮሻኮሽ ጢንዚዛ የምታሰማው ድምፅ ቀጭን ነው። በየደረጃው ያለው መንጋጋ ለኖረበት እንስሳ ሙሉ መንጋጋ ነበር፤ በየደረጃው ያለው ጆሮ ደግሞ ከቀደመው ትንሽ የተሻለ ጆሮ። ማይቫርት ይጠቅማል ወይ ብሎ የጠየቀበት ግማሽ የደረሰ አካል አንድም ቀን አልነበረም።

እርካቧም የራሷ ታሪክ አላት። በ1987 የካምብሪጇ ጄኒ ክላክ ወደ ምሥራቅ ግሪንላንድ ተጉዛ አካንቶስቴጋ የተባለውን የ365 ሚሊዮን ዓመት እንስሳ፣ እግር ካበቀሉት የመጀመሪያዎቹ አንዱን፣ በብዛት አመጣች። በ1989 እርካቡን ይፋ አደረገች። ወፍራምና ጠንካራ ሆኖ ተገኘ፤ በአየር የሚመጣ ድምፅ ሊያንቀሳቅሰው አይችልም። በዓሣ ላይ ያው አጥንት መንጋጋን ከራስ ቅል ጋር ደግፎ የሚይዝ ድጋፍ ነው፤ አካንቶስቴጋ ላይም ከድጋፍነቱ ገና አልተላቀቀም ነበር።

በ1993 ነገሩ ወደ ጂኖች ገባ። ሁለት የተለያዩ የምርምር ቡድኖች ሆክስ ኤ2 የተባለውን ጂን ከአይጥ ላይ አጠፉ። ይህ ጂን በሁለተኛው ቅስት ውስጥ የሚሠራ፣ ሴሎቹን የሁለተኛው ቅስት ናችሁ የሚላቸው ነው። ጂኑ ሲጠፋ እርካቧ አልተሠራችም። በቦታዋ እንደ መስተዋት ምስል ተገልብጠው ሁለተኛ መዶሻና ሁለተኛ መስፍ ተሠሩ። ራይኸርት በ1837 በዓይኑ ብቻ የለያቸውን ሁለት ቅስቶች አይጧ በሥጋዋ መሰከረች። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ባፕክስ1 የተባለ ጂን በዓሣ ላይ ሲዳከም የመንጋጋው ማጠፊያ ሳይሠራ ቀረ፤ ያው ጂን በአይጥ ላይ የሚሠራው በመዶሻና በመስፍ መጋጠሚያ ነው።

ቅሪተ አካሉም አላረፈም። በ2007 ዠሺ ሉኦና ባልደረቦቹ ከቻይና ሄቤይ የተገኘ፣ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ የ125 ሚሊዮን ዓመት እንስሳ ይፋ አደረጉ። ያኖኮኖዶን አሊኒ አሉት፤ የሁለተኛው ስም የኤድጋር አሊን ነው። የጆሮ አጥንቶቹ ቅርጻቸው የአጥቢ እንስሳ ጆሮ ነው፤ ግን አጥንት በሆነ የሜክል ዘንግ አማካይነት ገና ከመንጋጋው ጋር እንደተያያዙ ናቸው። ከአራት ዓመት በኋላ ጂን ሜንግና ባልደረቦቹ ከሊያውኒንግ ሊያውኮኖዶንን አመጡ፤ እሱም በዚያው መሃል መንገድ ላይ ነው። ካሩ ላይ የተጀመረው ሰልፍ የመጨረሻ ክፍተቱ ተሞላ። ብዙ ተመራማሪዎች ዛሬ እንደሚያምኑት መለያየቱ የሆነው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ እንቁላል በሚጥሉት የአውስትራሊያ አጥቢ እንስሳትና በእኛ የዘር ሐረግ በየፊናው ሆኗል። በ2024 በብራዚል ቅሪተ አካላት ላይ የተሠራ ጥናትም አዲሱ ማጠፊያ ከ225 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከአንድ በላይ በሆኑ ሐረጎች ለየብቻ መሞከሩን አሳይቷል።

የመጨረሻውን ቁርጥ ማን ይቆርጠዋል የሚለውም በ2017 ተመለሰ። ለንደን የኪንግስ ኮሌጇ አቢጌል ታከርና ባልደረቦቿ፣ የሜክልን ዘንግ ከመዶሻው አጠገብ የሚበሉት ለስላሳ አጥንትን የሚያፈርሱ ልዩ ሴሎች መሆናቸውን አገኙ። እነዚህ ሴሎች በሌሏቸው አይጦች ላይ ዘንጉ ሳይቆረጥ ይቀራል፤ ጆሮና መንጋጋ እንደ ያኖኮኖዶን ተያይዘው ይኖራሉ።

ባለ ሁለት ማጠፊያውን ዘመን በሕይወት ማየት ለሚፈልግ ኦፖሰም አለ። እንደ ካንጋሮ ኪስ ያለው የአሜሪካ እንስሳ ነው፤ ግልገሉ በማህፀን የሚቆየው ሁለት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው። ከባቄላ ፍሬ አንሶ ተወልዶ በጡት ላይ ይጣበቃል። በዚያ ሰዓት ጣታችንን ያሳረፍንበት ማጠፊያ ገና አልተሠራለትም። ወተት የሚጠባው መዶሻና መስፍ በሚሆኑት ቁራጮች ላይ መንጋጋውን እያጠፈ ነው። ሳምንታት ሲያልፉ አዲሱ ማጠፊያ ይቆማል፣ ዘንጉ ይቆረጣል፣ የጠባበት አጥንት መስሚያው ይሆናል።

በሰው ፅንስ ላይ ይህ ሁሉ በማህፀን ይጠናቀቃል። የሜክል ዘንግ እስከ ስድስተኛው ወር ገደማ ይከስማል፤ ሕፃን ሲወለድ ሦስቱ አጥንቶች የአዋቂን መጠን ይዘው ነው። ዘንጉ ያለፈበት ግን ፈጽሞ ባዶ አልሆነም። ከመዶሻው ተነስቶ በጠባብ ስንጥቅ የሚወጣ ቀጭን ጅማት፣ ወደ መንጋጋው ውስጠኛ ገጽ የሚወርድ ሌላ ጅማት ቀርተዋል። መዶሻውን የሚስብ አንድ ትንሽ ጡንቻም አለ፤ ነርቩ የመስሚያ ነርቭ አይደለም፣ የማኘኪያ ጡንቻዎችን የሚያዘው ነርቭ ቅርንጫፍ ነው። ቆሎ ስንቆረጥም ያ ጡንቻ አብሮ ይኮማተራል፤ መዶሻውን ስቦ ታምቡሩን ወጠር ያደርገዋል፤ የገዛ መንጋጋችን የሚያሰማው ድምፅ ጆሯችንን እንዳያደነቁረው።